ጊዜን የሚገዛ ስጦታ
የአሜሪካ ፋውንዴሽኖችና የሂዩማኒቲስ ምርምር የመቶ ዓመት ታሪክ

በኤፕሪል 2025 መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካ ለታሪክ፣ ለቋንቋ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለፍልስፍና ጥናት ገንዘብ የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ብሔራዊ የሂዩማኒቲስ ድጋፍ ተቋም፣ ቀድሞ ከፈቀዳቸው ድጋፎች ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑትን መሰረዙን በደብዳቤ አሳወቀ። ሥራ ጀምረው የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ቀሩ። በየክፍለ ግዛቱና በየግዛቱ ያሉት 56 የሂዩማኒቲስ ምክር ቤቶች 65 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጡ። ወሩ ሳያልቅ ሜሎን ፋውንዴሽን ለነዚሁ ምክር ቤቶች 15 ሚሊዮን ዶላር የአደጋ ጊዜ ድጋፍ መመደቡን አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው የዘመኑን ሁኔታ ይረዳል። የመንግሥት እጅ ሲታጠፍ ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ የግል ፋውንዴሽን ዞሩ፤ እሱም ቢሆን የጎደለውን ሩቡን እንኳ መሙላት አልቻለም። የሰው ልጅ ያሰበውን፣ የጻፈውንና የኖረውን የሚመረምሩ ትምህርቶች ኑሯቸው በጥቂት ለጋሾች ውሳኔ ላይ እንዴት ሊወድቅ ቻለ? የለጋሾቹስ ሐሳብ በየዘመኑ እንዴት ተለዋወጠ? ታሪኩን የምመዝንበት ሚዛን አንድ ነው፤ ያ ስጦታ ለተመራማሪው ምን ያህል ጊዜ ገዛለት? የግዕዝ ድርሳን የሚመረምር ሰው ውድ ቤተ ሙከራ አይፈልግም። ቋንቋውን እስኪጠነቅቅ፣ ብራናዎቹን እርስ በርስ እስኪያመሳክር፣ የተሳሳተውን አርሞ ለኅትመት እስኪያበቃ ድረስ የዕለት እንጀራው ሳያሳስበው መቀመጥ አለበት። የሂዩማኒቲስ ምርምር ትልቁ ወጪ ይህ ነው።

ባለጸጎቹና የሙያ ዳኞቹ

ታሪኩ የሚነሳው ከብረትና ከነዳጅ ዘይት ሀብት ነው። አንድሩ ካርኔጊ የብረት ፋብሪካዎቹን ሸጦ በ1911 ካርኔጊ ኮርፖሬሽንን በኒውዮርክ አቋቋመ። በ1913 ሮክፌለር ፋውንዴሽን ተከተለ። እነዚህ ተቋማት ከቀድሞው ምጽዋት የሚለዩት በአወቃቀራቸው ነበር። ዋናው ሀብት ተቀምጦ በትርፉ እየተሠራ፣ መሥራቹ ካለፈም በኋላ በቦርድ እየተመራ እንዲቀጥል ታስበው የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ ላይ የሮክፌለር ልብ ያዘነበለው ወደ ሕክምና፣ ወደ ሕዝብ ጤናና ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ነበር። ሮክፌለር ራሱን የቻለ የሂዩማኒቲስ ክፍል የከፈተው በ1928 ነው።

በ1919 ደግሞ የታሪክ፣ የቋንቋና የፍልስፍና ማኅበራት ተሰባስበው የአሜሪካ የምሁራን ማኅበራት ምክር ቤትን መሠረቱ። ምክር ቤቱ እያደር ከፋውንዴሽኖች ገንዘብ እየተቀበለ፣ ማመልከቻዎችን በምሁራን እያስመረመረ ለተመራማሪዎች የሚያከፋፍል አማካይ ሆነ። ገንዘቡ ከባለጸጋው፣ ፍርዱ ከሙያው ሰው የሚለው ልማድ ሥር የሰደደው እንዲህ ባለው አሠራር ነው። ለጋሹ የትኛው ጥናት እንደሚበጅ አልወሰነም፤ ለመወሰን የሚችሉትን ሰዎች አመነ።

ከዚያ ዘመን ስጦታዎች ሁሉ ለተመራማሪው የቀረበው የጉገንሃይም ፌሎሺፕ ነው። የኮሎራዶ ሴናተር የነበረው የማዕድን ባለሀብት ሳይመን ጉገንሃይምና ባለቤቱ ኦልጋ፣ ልጃቸው ጆን ሳይመን በ1922 ስለሞተባቸው፣ በ1925 በስሙ ፋውንዴሽን አቆሙለት። ገንዘቡ የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ለሰው ነበር። የተመረጠው ሰው በነጻነት እንዲሠራ ይተውታል።

ይህ አሠራር ያፈራውን ፍሬ የእኛ አገር አንባቢ በቤቱ ያውቀዋል። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በጉገንሃይም ፌሎሺፕ ነበር። ተናጋሪ ሊያጡ የተቃረቡትን ቋንቋዎች ተከታትለው መዘገቡ፤ የጋፋትን ቋንቋ የመጨረሻ ተናጋሪዎች አፈላልገው ንግግራቸውን ባይጽፉት ኖሮ ዛሬ ስለዚያ ቋንቋ የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ከዚያ ጉዞ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ሦስት ቅጽ ያለው የጉራጌ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት በ1979፣ የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት በ1987፣ ሰፊው የአማርኛ ሰዋስው በ1995 ታተሙ። ፌሎሺፑን የሰጠው ቦርድ በማግሥቱ ውጤት ቢጠይቅ ኖሮ ከነዚህ አንዱንም ባላየ ነበር።

ፎርድ፣ ቀዝቃዛው ጦርነትና ባዶ የቀረው ሕግ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መድረኩን የያዘው ፎርድ ፋውንዴሽን ነው። በ1936 በሚሺጋን ሲቋቋም የአካባቢ በጎ አድራጎት ነበር፤ መሥራቾቹ ሲሞቱ የመኪና ኩባንያው ትልቁ ድርሻ ስለተላለፈለት በዓለም ላይ አቻ ያልነበረው ባለሀብት ሆነ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአፍሪካን፣ የእስያን፣ የመካከለኛው ምሥራቅንና የሶቪየት ኅብረትን ቋንቋና ታሪክ ለሚያስተምሩ 34 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 270 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አሜሪካ የምትፎካከርበትን ዓለም ማወቅ አስፈለጋት። በ1957 ሶቪየቶች ሳተላይት ሲያመጥቁ መንግሥትም ነቃ፤ በ1958 የወጣው የመከላከያ ትምህርት ሕግ አማርኛን ጨምሮ በአሜሪካ እምብዛም የማይታወቁ ቋንቋዎችን ማስተማርን ደገፈ። ዓላማው ስትራቴጂያዊ ቢሆንም የተገዛው ነገር ለትምህርቱ የሚጠቅም ነበር፤ የመምህራን ቋሚ ቦታ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የቋንቋ ክፍል። ዛሬ በውጭ አገር ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ አንጋፋ ምሁራን ብዙዎቹ በዚያ በር የገቡ ወይም በዚያ በር በገቡ መምህራን የተማሩ ናቸው።

በ1965 ብሔራዊው የሂዩማኒቲስ ድጋፍ ተቋም በሕግ ሲመሠረት ነገሩ መንግሥታዊ መሠረት ያገኘ መሰለ። በ1966 ደግሞ ኮንግረሱ ዓለም አቀፍ ትምህርትን የሚደግፍ ሌላ ሕግ አጸደቀ። ፎርድም ሸክሙን መንግሥት ሊረከበኝ ነው ብሎ ትልቁን የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙን መዝጋት ጀመረ። ሕጉ ወጣ፤ ገንዘቡ ግን አልተመደበለትም። ያላየውን እጅ ተማምኖ የለቀቀ ለጋሽ በኋላው የሚተወውን ክፍተት ዩኒቨርሲቲዎች ያን ጊዜ አዩት። ይህ ትምህርት ኋላም በተደጋጋሚ ተረስቷል።

ሜሎን፦ ሁሉም የተደገፈበት አንድ ምሰሶ

የባንክ ባለሀብቱና የግምጃ ቤት ሚኒስትሩ አንድሩ ሜሎን በ1937 ሞተ። ልጆቹ ፖልና ኤይልሳ በየራሳቸው ያቋቋሟቸው ሁለት ፋውንዴሽኖች በ1969 ተዋሕደው በአባታቸው ስም አንድ ተቋም ሆኑ። በዚያው ዓመት የወጣው የግብር ሕግ በግል ፋውንዴሽኖች ላይ ከሀብታቸው በየዓመቱ የተወሰነ ድርሻ የመስጠት ግዴታ ጣለ፤ ድርሻው ከጊዜ በኋላ 5 በመቶ ላይ ረጋ። ስለዚህ የሂዩማኒቲስ ገንዘብ ከአክሲዮን ገበያ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ገበያው ሲያብብ ፕሮግራም ይበዛል፤ ሲወድቅ ገና ያልተመረቀ ተማሪ ድጋፉ ይቋረጥበታል።

ሜሎን ከሌሎቹ የተለየው ሌሎቹ ሲወጡ እሱ በመቆየቱ ነው። ፎርድና ሮክፌለር ቀስ በቀስ ወደ ልማት፣ ወደ ድህነት ቅነሳና ወደ ከተማ ችግሮች ሲያዘነብሉ፣ ሜሎን የዩኒቨርሲቲዎችን የቋንቋ፣ የታሪክና የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት መደገፉን ቀጠለ። ዛሬ ሀብቱ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ በዓመት የሚሰጠውም ብሔራዊው ተቋም ድጋፎቹን ከመሰረዙ በፊት ከነበረው የ200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጀት ይበልጣል።

የሜሎንን ብርታትና ድካም አብሮ የሚያሳየው ከ1988 እስከ 2006 በፕሬዚዳንትነት የመሩት የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ዊልያም ቦወን ዘመን ነው። ቦወን በ1989 ባሳተሙት ጥናት በመጪዎቹ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ መምህራን እጥረት እንደሚከሰት ተነበዩ። ትንበያው አልሠመረም፤ ቋሚ የማስተማር ቦታ እየጠበበ ሄደ፣ ዶክትሬት የጨረሱት በዙ። ፋውንዴሽኑ በ1991 በአሥር ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ትምህርት የሚፈጀውን ዓመት ለማሳጠር ፕሮግራም ጀምሮ ወደ 85 ሚሊዮን ዶላር አወጣበት። በ2010 የታተመው ግምገማ እንዳሳየው ዓመቱ ያጠረው በጥቂቱ ብቻ ነበር። ተማሪው በተመረቀ ማግሥት ሥራ ከሌለ ለመመረቅ አይቸኩልም፤ ቋንቋ መማርና መዛግብት መፈተሽም በገንዘብ ብዛት አይፈጥንም።

ያው ተቋም ግን ለምሁራን ጊዜ የሚቆጥብ ሌላ ሥራ ሠርቷል። የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች በአሮጌ መጽሔቶች ሲጨናነቁ፣ እነዚያን መጽሔቶች በዲጂታል ለማስቀመጥ ጄስቶርን ጀመረ፤ በ1995 ጄስቶር ራሱን ችሎ ቆመ። ከ2006 ጀምሮ በአፍሪካ ያሉ የትምህርት ተቋማት ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመው መጽሔት የቀድሞ እትሞችም እዚያ ይነበባሉ። አንድ የደሴ ወይም የጎንደር ተማሪ የታላላቆቹን ጽሑፍ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ እንዳያስፈልገው ያደረገው እንዲህ ያለ ስጦታ ነው።

የሚኒሶታው መዝገብ

ከትልልቆቹ ፋውንዴሽኖች ጥላ ወጣ ብሎ የተሠራና ለኢትዮጵያ ከሁሉም የበለጠ የጠቀመ ሥራ አለ። በ1965 በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያሉ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የቤኔዲክት መነኮሳት፣ አውሮፓ ሌላ ጦርነት ከገጠማት ብራናዎቿ ይጠፋሉ ብለው ሰግተው፣ ከኦስትሪያ ገዳማት ጀምረው በማይክሮፊልም ማንሳት ያዙ። ድጋፉን የሰጣቸው ከባቡር ሐዲድ ሀብት የተወለደው የሂል ቤተሰብ ፋውንዴሽን ስለነበር ቤተ መጻሕፍቱ በዚያው ቤተሰብ ስም ተጠራ።

በ1973 ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የየአብያተ ክርስቲያናቱና የየገዳማቱ ብራናዎች ይቀረጹ ጀመር። ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተቀረጹ። አብዮቱ ፈነዳ፣ ጦርነቱ ቀጠለ፤ ቀረጻው ግን አልቆመም።

ፊልሙ ብቻውን መጽሐፍ አይሆንም፤ የሚያነበው ሰው ያስፈልገዋል። በ1975 ቤታቸው ሳሉ በጥይት ተመተው እግራቸው ሽባ የሆነባቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1976 ወደ ኮሌጅቪል ሄዱ፤ ለአሥርት ዓመታትም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የብራናዎቹን ይዘት፣ ጸሐፊና ታሪክ በካታሎግ አሰፈሩ። በ1988 የማክአርተር ፋውንዴሽን ፌሎሺፕ ሰጣቸው። ያ ገንዘብ ለአምስት ዓመት ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሚከፈል ነው፤ ሪፖርት አይጠየቅበትም። በኋላ «ባሕረ ሐሳብ»ን በ2000፣ «ደቂቀ እስጢፋኖስ»ን በ2004 በአማርኛ አሳትመው ለአገራቸው ሰው አበረከቱ። በ2021 ካረፉ በኋላም የግዕዝ ሥነ ጽሑፍን የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚገልጠው የእሳቸውን ካታሎግ ነው። በመቶ ዓመቱ የፋውንዴሽኖች ታሪክ ከወጣው ገንዘብ ከዚህ የበለጠ የለማ ብዙ አለ ብዬ አላምንም።

ከትምህርት ዘርፍ ወደ ማኅበራዊ ፍትሕ

በ2018 ገጣሚዋ ኤልዛቤት አሌክሳንደር ሜሎንን መምራት ጀመሩ። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለ በወሩ፣ በጁን 2020፣ ፋውንዴሽኑ የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ በማኅበራዊ ፍትሕ መነጽር እንደሚታይ አስታወቀ። በዚያው ዓመት የአሜሪካን ሐውልቶችና መታሰቢያዎች ዳግም የሚያስብ የ250 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በ2023 መጠኑ እጥፍ ሆነ። የዶክትሬት ተማሪዎች ድጋፍም መልኩ ተለወጠ። ከ2006 ጀምሮ በምሁራን ማኅበራት ምክር ቤት በኩል የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለሚያጠናቅቁ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ በ2023 በሌላ ተተካ፤ አዲሱ ገና በጅማሬ ላይ ላሉና በአሠራራቸው አዲስ መንገድ ለሚሞክሩ ነው።

ለውጡ እውነተኛ ጥያቄ አንስቷል። የማን ታሪክ ይጻፋል? ዩኒቨርሲቲ ያልረገጠ ማኅበረሰብ በታሪኩ ላይ ምን ድምፅ አለው? ከማረሚያ ቤት ተማሪዎች፣ ከመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሕዝቦች፣ ከጥቁሮች ኮሌጆች ጋር የተሠራው ሥራ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ያልከፈቱትን በር ከፍቷል። ይህ ጥያቄ አፍሪካውያን ምሁራንም ቀድመው ያነሱት ነው። ካርኔጊ ኮርፖሬሽን በ2008 በገንዘቡ ያስጀመረው የአፍሪካ ሂዩማኒቲስ ፕሮግራም በጋና፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ያሉ ተመራማሪዎች በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ሆነው እንዲጽፉ አግዟል። ኢትዮጵያ ያኔ ከአምስቱ አንዷ አልነበረችም።

የኔ ስጋት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ለጋሹ መልሱን የሚፈልግበትን ጥያቄ ራሱ ሲመርጥ፣ ከጥያቄው ውጭ የቀረ ትምህርት ደጋፊ ያጣል። ካታሎግ፣ መዝገበ ቃላት፣ የቋንቋ ትምህርት፣ የጽሑፍ እርማትና ኅትመት በየትኛውም ዘመን አንገብጋቢ ሆነው አያውቁም፤ አንገብጋቢ የተባለው ጥናት ሁሉ ግን በነሱ ላይ ይቆማል። የላስታን ገበሬ ታሪክ ከፍትሕ አንጻር ሊጽፍ የተነሳ ሰው በመጀመሪያ የወንጌሉ ኅዳግ ላይ የተጻፈውን የመሬት ውል ማንበብ አለበት። ያን ማንበብ ያስተማረው ሰው ደመወዝ ከየት መጣ?

ሁለተኛው ስጋት የፕሮጀክት ዕድሜ ነው። በ2001 የተቋቋመው አርኬዲያ ፈንድ ከ2004 ጀምሮ በብሪቲሽ ላይብረሪ በኩል ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብትን ሲያስቀርጽ ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብራናዎችና በትግራይ የማይ ወይኒ ገዳም መጻሕፍት ከተቀረጹት ውስጥ ናቸው። ታላቅ ውለታ ነው። ፎቶው ግን በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ንባቡ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። በጀርመን ሐምቡርግ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች የሚመዘግበው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክት ይህን ተረድቶ ከ2016 እስከ 2040 ታቅዷል። ገንዘቡ ከጀርመን የሳይንስ አካዳሚዎች የጋራ ፕሮግራም የሚመጣ የመንግሥት ገንዘብ ነው። አንድ ወጣት ተመራማሪ ገብቶ ጎልምሶ ሌላ ማሠልጠን የሚችልበት ዕድሜ ያለው ሥራ እሱ ነው።

የብዙ እጅ ፈንድ

ከትልልቆቹ ለጋሾች ርቆ፣ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ታየ። በ2015 የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ማይክል ጀርቨርስ ለኢትዮጵያ ጥናት ቋሚ ፈንድ ማስጀመሪያ 50,000 ዶላር ከራሳቸው ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲው ያንኑ ያህል ጨመረ። በአበበ ቢቂላ ስም የተሰየመው የቢቂላ ሽልማት ድርጅት የከተማውን ኢትዮጵያውያን አስተባበረ። በ2016 በዚያው ከተማ ያደገው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ 50,000 ዶላር ሰጠ። በ2017 መጀመሪያ የግዕዝ ትምህርት ተከፈተ። በ2020 አቤል 30,000 ዶላር ሲጨምር ፈንዱ የታለመለትን 500,000 ዶላር ደረሰ፤ ትምህርቱም በዘላቂነት መሰጠት የሚችልበት መሠረት አገኘ።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ነገሥታትና መኳንንት ለገዳማት ጉልት ሲሰጡ ግብሩ መምህሩን፣ ጸሐፊውንና ካህኑን ያኖር ነበር፤ መሬቱ ሳይሸጥ ትምህርቱ ከትውልድ ትውልድ ይሻገር ነበር። ሸክሙ በገባሩ ትከሻ ላይ ስለወደቀ ሥርዓቱ ፍትሕ ጎድሎት ነበር፤ የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅም ሽሮታል። ቋሚ ፈንድ ያን ዘላቂነት በፈቃደኞች መዋጮ ይመልሰዋል፤ ዋናው ይቀመጣል፣ ትርፉ መምህሩን ይከፍላል። ከ8 ቢሊዮን ዶላር ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ሚሊዮን ኢምንት ነው። ለአንድ ትምህርት ግን ይበቃል፤ ፕሬዚዳንት ቢቀየር፣ ስትራቴጂ ቢታደስ፣ ምክር ቤት በጀት ቢሰርዝ ትምህርቱ በዚያ ምክንያት አይዘጋም።

ከመቶ ዓመቱ ታሪክ የምወስደው ይህ ነው። ታላላቅ ፋውንዴሽኖች የዘመናቸውን ጥያቄ የመምረጥ መብት አላቸው፤ ከሚሰጡት ውስጥ ግን ቋሚ ድርሻውን ጥያቄው ገና ላልታወቀ ጥናት፣ ለቋንቋ ትምህርትና ለካታሎግ ሊያስቀምጡ ይገባል። መንግሥታት በበኩላቸው የግል ለጋሽ አለ ብለው እጃቸውን ቢያጥፉ ትምህርቱን ለገበያ ማዕበል አሳልፈው ይሰጡታል። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በሎንዶንና በቴል አቪቭ ያለው የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለአብያተ ክርስቲያናት ሕንጻ ገንዘብ ማዋጣት አልቸገረውም። ከዚያ ልማድ ጥቂቱን በየከተማው ላለ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ፣ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ትምህርት ቋሚ ፈንድ ቢያውለው፣ የውል ወረቀቱንም ዋናው ገንዘብ እንዳይነካ አድርጎ ቢያስር፣ የልጆቹ ልጆች መምህር አያጡም። ቶሮንቶ እንደሚቻል አሳይታለች፤ የሚቀረው በሌሎቹ ከተሞች መጀመር ነው።